ባጃጅ፣ ምጣድ፣ ፓምፕ፣ የጀልባ ሞተር፦ ማሽን ማሻሻል የምትወዱ የባህር ዳር ሰዎች እስቲ ኑ

የበዛዊት ዳገት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳርና ጣና ዳር ያላችሁ፣ እጃችሁ ካቻቢቴና ፒንሳ የለመደ ሰዎች እስቲ ሰብሰብ እንበል። ስለ ማሻሻል ማውራት አምሮኛል። የተበላሸን ነገር ወደ ነበረበት የሚመልስ መካኒክ ሞልቷል፣ ይባረኩ። እኔ ግን ደህና የሚሠራውን ማሽን አንስቶ ከነበረው የተሻለ ስለማድረግ ነው ማውራት የፈለግኩት።

ለምን እንዲህ ደስ እንደሚለኝ ሳስበው ምክንያቱ አንድ ይመስለኛል። ቤታችን የሚገባው ማሽንም ሆነ የምንነዳው ተሽከርካሪ አብዛኛው ለሌላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ነው። ለቆላ አየር፣ ለማይዋዥቅ 220 ቮልት፣ ለንጹሕ ውሃ። እኛ ያለነው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። መብራቱ ማታ ማታ ይወርዳል። ሐይቁ ላይ እምቦጭ አለ። ታዲያ ማሽኑ ምን ያድርግ? አገሩን አያውቀውማ። አገሩን የማስተዋወቁ ሥራ የእኛ ነው፤ እሱ ሥራ ደግሞ እንዴት እንደሚጥም የነካው ያውቀዋል።

በባጃጅ ልጀምር። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ዕቃ) ያላት ፎር ስትሮክ ባጃጅ እዚህ ስትመጣ አየሩ ሳስቶ ይጠብቃታል። ቤንዚኑ ግን በዚያችው ቀዳዳ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛባታል። ማስረጃው ካንዴላው (እሳት የሚያስነሳው ብልጭታ ሰጪ) ላይ ነው። ፈትታችሁ ጫፉን እዩት። ጥላሸት ለብሶ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ በዝቷል። ቡናማ ከሆነ ተስማምቷታል። ነጭ ከሆነ አንሷታል፤ እሱ አደገኛ ነው፣ ሞተሯ ከልክ በላይ ትግላለች፣ ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል።

እኔ የማደርገው ዋናዋን ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላትን ማለቴ ነው፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለች መቀየር ነው። ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ሳህን ስታወርዱ መሃል ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ። ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ቁጥሯ ተቀርጾባታል። መሃሏ ላይ ያለችው ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት። አሮጌዋንና አዲሷን ጎን ለጎን ይዛችሁ ወደ ብርሃን ብታዩ ልዩነቱ በዓይን አይለይም። ሞተሯ ግን ለይታ ታውቀዋለች።

መፈተኛዬ የበዛዊት ኮረብታ ነው። ሁለት ሰው ጭኜ ዳገቱን እይዛለሁ። በፊት ገና ወገቡ ላይ ሳልደርስ ማርሽ የምታስቀንሰኝ ባጃጅ አሁን በያዘችው ማርሽ ትገፋለች። ጋዝ ስሰጣት የምትንተፋተፍባት ያቺ ቅጽበት ትጠፋለች። ዳገቱ ላይ አጥፍቼ፣ በረድ ሲልልኝ ካንዴላውን ፈትቼ ቡናማ ሆኖ ሳገኘው ደስታዬ ልክ የለውም።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ጄት አይመልሰውም። የሚቃጠለው አየር ራሱ ቀንሷልና። የምንመልሰው ከዚያ በላይ በቤንዚን ብዛት የባከነውን ነው። እሱም ቢሆን ለአንድ የባጃጅ ሾፌር በቀን ውስጥ ቀላል አይደለም።

እናንተስ ምን ሠራችሁ?

የድሮ ካንዴላ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጀምረሃል። እኔ ከባጃጅ በፊት በላንድሮቨርና በፊያት ያደግሁ ሰው ነኝ። ሥራ ያስያዙኝ ሰው ፖሊ የተማሩ ነበሩ። ፖሊ ስል እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመውን የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ማለቴ ነው። እሳቸው «መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደጎደለው ይንገርህ፣ ከዚያ እጅህን ስደድ» ይሉኝ ነበር። አንተም ካንዴላውን አይተህ መጀመርህን ወደድኩት።

እኔ የምጨምረው አለኝ። ወጣቱ ማሻሻል ሲባል ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሁለት ነገር ነው፤ ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ማውጣትና ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) መቁረጥ። ፊልትሮ የሌላት ሞተር የሰባታሚትን አቧራ ቀጥታ ትውጠዋለች። አቧራው የፒስተኑን ፋሻና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ቀስ እያለ ይበላዋል። መጀመሪያ ፈጠን ያለች ይመስልሃል። ቆይታ ዘይት መብላት ትጀምራለች፣ ሰማያዊ ጭስ ይከተላል፣ ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው።

የስፖንጅ ፊልትሮ ከሆነ በሳሙና ውሃ እጠበው። አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳል። በመዳፍህ ተጭነህ ጨምቀህ ጥላ ላይ አድርቀው። ሲደርቅ ጥቂት ዘይት አጠጣውና ትርፉን ጨምቅ። ዘይቱ ነው አቧራውን የሚይዘው። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ ስፖንጁን ያፈራርሰዋል። አዲስ ጄት ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ፤ ምክንያቱም የተደፈነ ፊልትሮም ካንዴላ ያጠቁራል።

ቀበሌ 14፦

ጋሼ፣ በፊልትሮው እስማማለሁ። በማርሚታው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጓደኛዬ የውስጡን ወንፊት አስወጥቶ ባጃጇ በግልጽ ቀልላለች። እኔም ነድቻታለሁ። ጭሱ እንደ ልብ ሲወጣ ሞተሯ ትተነፍሳለች፣ ይኸው ነው።

የድሮ ካንዴላ፦

ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጓደኛህ ባጃጅ የቀለለችው ማርሚታዋ በካርቦን ተደፍኖ ስለነበር ይመስለኛል። ቤንዚን በዝቶባት የኖረች ሞተር ማርሚታዋን ትደፍናለች። ያኔ ማጽዳቱ ብቻ በቂ ነበር።

ቱቦው በርዝመቱም በስፋቱም ለሞተሯ ተለክቶ ነው የተሠራው። ጭሱ በግፊት ሲወጣ ወደ ኋላ የሚመለስ ሞገድ ይፈጥራል። ያ ሞገድ በሰዓቱ ከደረሰ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣዋል። ስትቆርጠው ሰዓቱ ይዛባል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መነሻው ላይ ያለው ጉልበት ነው። ባጃጅ ደግሞ ሥራዋ መነሳትና መቆም፣ መነሳትና መቆም ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮ «ፈጠነች» ይላል። በዚያ ላይ ሌሊት ሰፈር ውስጥ የታመመ አለ፣ የሚያጠና ልጅ አለ፣ አራስ አለች። እኔ ጋ መጥቶ ማርሚታ ቁረጥልኝ ያለኝን ሁሉ አጽድቼለት ነው የምልከው።

ፖሊ ግቢ፦

ይህን ክርክር በሰዓት መፍታት ይቻላል እኮ። አንድ ዳገት ምረጡ፣ በዛዊትም ይሁን። ያው ሾፌር፣ ያው ጭነት፣ ጎማው በአንድ ዓይነት ንፋስ ተሞልቶ። ከተመሳሳይ ድንጋይ ተነስቶ ተመሳሳይ ዛፍ ጋ እስኪደርስ በስልክ ሰዓት ያዙ። ደጋግሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ እንደገና። ፊልትሮና ጄት አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው በምን ያውቃል?

ጠዋት ሥሩት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ስለሚነሳ ለባጃጅ ሸራ ትልቅ ልዩነት አለው። ቤንዚን ለመለካት ደግሞ መስመሩን ከታንከሩ ነቅላችሁ ከላይ በሰቀላችሁት አንድ ሊትር በልኬት የሞላ ጠርሙስ ላይ አገናኙት፤ በደንብ ታስሮ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በሌለበት። እስኪያልቅ ንዱና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ።

ከሁሉ በፊት ግን የጎማ ንፋስ። ኮብልስቶን ላይ እንዳትንገጫገጭ ብሎ አሳንሶ የሚነዳ ብዙ ሾፌር አለ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ሲንከባለል ይተኛል፣ ሞተሯም ያንን የተኛ ጎማ ስትገፋ ትውላለች። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ምጣድ ሠሪዋ፦

ወንዶቹ ባጃጅ ላይ ስለቀራችሁ ምጣድ ይዤ ልግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እሠራለሁ፣ ሰው የገዛውንም አሻሽላለሁ።

የተለመደው ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል ማለት ነው። አሁን ማታ ሁሉም ሰው ምጣድና ስቶቭ ሲሰካ ቮልቱ ወደ 180 ወረደ እንበል። ሰው «ትንሽ ቀነሰ» ይላል። ግን የምጣድ ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ነው። አስሉት፤ 2350 ዋት አካባቢ ይቀራል። አንድ ሦስተኛው ጠፋ። ሊጡ ያው ሊጥ፣ አብሲቱ ያው አብሲት ሆኖ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል፣ ሲነሳ ሲቀደድ ሴትዮዋ ራሷን ትወቅሳለች። ምን በወጣት!

መፍትሔ ብለው ሽቦውን የሚያሳጥሩ አሉ። እውነት ነው፣ ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ምጣዱ ይግላል። ግን ቮልቱ በሚስተካከልበት ሰዓት ያ አጭር ሽቦ ከአቅሙ በላይ ይወስዳል። ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። እኔ አላደርገውም፣ እንዲደረግም አልመክርም።

እኔ የምሠራው ከሥር ነው። ብዙው ምጣድ ሆዱ ባዶ ነው። ሽቦው የሚያወጣው ሙቀት ወደ ላይ ወደ ሸክላው መሄድ ሲገባው ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ታች ይሸሻል። እጃችሁን ከምጣዱ ሥር ብታስገቡ ይሰማችኋል፤ ያ እየሞቀ ያለው ጠረጴዛችሁ ነው። ከሽቦው ሥር በጄሶ በደንብ እደፍናለሁ፣ ከጄሶው ሥር አራት ጣት ያህል ፋይበርግላስ አለብሳለሁ፣ ከዚያ ላሜራውን እዘጋለሁ። ፋይበርግላስ ስትነኩ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

ሁለተኛው የሽቦው መንገድ ነው። ሸክላው ሥር የሚቀረጸው ዙሪያ ዙሪያ የሚሄደው ቦይ እኩል ርቀት ካለው መሃሉ ይጋልና ዳሩ ይቀዘቅዛል። ዳሩ በጎንም ሙቀት ያጣላ። ስለዚህ እኔ ወደ ዳር ስደርስ ቦዮቹን አቀራርባለሁ፣ መሃል ላይ አራርቃለሁ። ትክክል መምጣቱን የማየው በዱቄት ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ስስ አድርጌ እበትንና የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚጠቁር እጠብቃለሁ። ሁሉም ቦታ አብሮ ቡናማ ሲል ሥራዬ አለቀ። የዚያ ምጣድ እንጀራ ዳሩ እንደ መሃሉ ዓይን ያወጣል። ባለቤቷ አክንባሎውን ስታነሳ ፊቷን ማየት ነው የኔ ደሞዝ።

አክንባሎውንም እዩት፤ ዳሩ ላይ እንፋሎት የሚያመልጥበት ክፍተት ካለ ገጥሙት።

የአዝዋ ልጅ፦

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ጥያቄ፣ የእኛ ምጣድ ሶኬቱ ሁልጊዜ ይግላል። ገመዱ ቀጭን ነው መሰለኝ። ምን ያህል መሆን አለበት?

ምጣድ ሠሪዋ፦

ቢያንስ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት ርቀት ካለው ባለ 4 አድርጉት። ቀጭን ገመድ ራሱ ቮልት ይበላል፤ የጋለው ሶኬት እዚያ የቀረው የእንጀራ ሙቀት ነው። ለብቻው መስመርና ለብቻው ብሬከር ይኑረው። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ላልተው ከሆነ መጀመሪያ እነሱን አስጠብቁ። ከሁሉ በላይ ግን ሦስተኛዋ የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር መታሰሯን አረጋግጡ። እርጥብ እጅ ይዞ የሚነካ ዕቃ ነው። ያለ እሷ ምጣድ ከቤቴ አላወጣም።

ጣና ዳር፦

እኔ የጀልባ ሰው ነኝ። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ሰው አመላልሳለሁ።

የበዛዊት ወንድማችን ስለ ከፍታ ያለው ውሃ ላይም ይሠራል። የጀልባ ሞተር በሙሉ ጋዝ ሲነዳ መድረስ ያለበት የዙር መጠን መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። እዚህ፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ አይደርስም። አየሩ ሳስቷላ። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ በሆነ ፕሮፔለር እየታገለ ይውላል። ብዙ ሰው «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ይሸጠዋል። እኔ ፕሮፔለሩን ነው የምቀይረው። በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት በኢንች ተጽፎበታል። አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ስታስሩ ሞተሩ ዙሩን ያገኛል። አንድ ኢንች በደቂቃ እስከ 200 ዙር ድረስ ይጨምራል። ከመነሻው ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ መጎተቷን ትታ ቶሎ ቀጥ ትላለች። በዙር መለኪያ እያያችሁ ሥሩት እንጂ ከመጽሐፉ በላይ እንዳታሳልፉት።

ዋናው ጠላታችን ግን እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሞተር አያያዛችን ሁሉ ተቀይሯል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ መጠምጠሙ የሚታይ ነገር ነው፤ አጥፍተህ ታወጣዋለህ። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ሞተሩ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ውሃ የሚስብባት ወንፊት ታች እግሩ ላይ ናት፤ ጭራሮዋ ሥር እዚያ ትለጠፍና ውሃ ይቆማል። ስለዚህ ዓይኔ ከኋላ ከምትፈሰው የውሃ ክር ላይ አይነሳም። ክሯ ስትቀጥን አጠፋለሁ። እኔ ወንፊቷን ዙሪያ የሚከብብ፣ በጥሩ ብረት የተበሳ ሰፋ ያለ መከለያ አስበይጃለሁ። መግቢያው ሰፊ ስለሆነ ውሃው በዝግታ ነው የሚገባው፣ ሥሩንም አጥብቆ አይስበውም። በመከር ጊዜ ከጎርጎራ በኩል ስመጣ የሚሰጠኝን ዕረፍት አልነግራችሁም።

ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት) ሞተር ያላችሁ፣ «ለመጠንቀቅ» ብላችሁ ዘይት አታብዙ። ሃምሳ ለአንድ የሚል ሞተር ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው የሚፈልገው። ትርፉ ካንዴላ ይደፍናል፣ የቀረው ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል። ጣና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ነው፤ ከዚያ በፊትም የምንጠጣውና ዓሣ የምናወጣበት ነው። የሚቀየር ዘይት በጀሪካን ይዛችሁ ውጡ።

ፎገራ ሽንኩርት፦

ከወረታ በኩል ሰላም ብያለሁ። የእኛ ማሽን የውሃ ፓምፕ ነው። ጣና ዳር ያለ ወንድሜ ስለ መከለያው ያለውን ሳነብ ጮህኩ፤ እኛም ያንኑ ነው የምንሠራው።

መጀመሪያ ስለ መምጠጥ። ፓምፕ ውሃን አይስብም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን የሚገፋው የውጪው አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ ያ አየር ውሃን 10.3 ሜትር ድረስ መግፋት ይችላል። እኛ ጋ 8.4 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም በወረቀት ላይ። በተግባር ከ5 እና 6 ሜትር በላይ የሚመጥ ፓምፕ የለም ብላችሁ ያዙ። በጋ ላይ ወንዙ ሲወርድ ፓምፑን እላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቶ መምጠጫ ቱቦ የሚያስረዝም ገበሬ አለ። ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃ የለም፣ ቤንዚን ያልቃል። የአካባቢያችን ልጆች የሠሩት ደስ የሚል ነገር አለ። ገደሉ ወገብ ላይ መደብ ቆፍረው ፓምፑን ወደ ውሃው ያወርዱታል። መግፊያው ቱቦ ነው የሚረዝመው። ፓምፕ ለመግፋት አቅም አለው፤ የተቸገረው በመምጠጥ ነው።

አሁን ስለ ወንፊቱ። የባለ 3 ኢንች ቱቦ አፍ ስፋቱ ወደ 45 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብትበሱ፣ ከቱቦው አፍ ጋር እኩል ለመሆን 58 ቀዳዳ ያስፈልጋል። ያ ግን እኩል ብቻ ነው፤ ግማሹ በሥር ሲደፈን ፓምፑ ይራባል። እኔ ከአሮጌ በርሜል ቆርጬ ቅርጫት አሠርቼ አራት እጥፍ ያህል ነው ያስበሳሁት። እምቦጩ ቢከበውም ውሃ የሚገባበት ቦታ አያጣም። በየጊዜው ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጽዳት ቀረልን። ሽንኩርቱ በሰዓቱ ጠጣ። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

ቱቦ ስታጥፉም ድንገተኛ እጥፋት አታድርጉ፣ ሰፋ አድርጋችሁ አዙሩት። መምጠጫው ላይ ያለች የጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ቀዳዳም አየር ታስገባለች፤ ጭቃ ቀብታችሁ ድምፁ ከተቀየረ እሷ ናት።

ሽምብጥ፦

እኔ የሠራሁት ትንሽ ነው፤ ለሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። ፍሪጃችን ግንቦት ላይ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም ነበር። ከኋላው ያለው ጥቁር ፍርግርግ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ አቧራ ጠጥቶ። አጽድቼ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አራቅኩት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ከሥር ወደ ላይ እንድትነፍስ አሰርኩለት፤ የምትበላው ጥቂት ዋት ነው። የበሩን ጎማ ደግሞ በአሥር ብር ኖት ፈተሽኩት። ብሩን አስይዤ ስዘጋው ያለምንም መያዝ ተንሸራቶ የወጣበት ጥግ ነበር፤ ጎማውን በሙቅ ውሃ አለስልሼ መለስኩት። አሁን ፀጥ የሚልበት ሰዓት አለው። እናቴ ተበላሸ ብላ ደንግጣ ቀሰቀሰችኝ።

የመሸንቲ ሞተር፦

ይህን ውይይት ለጀመረው ወንድማችን ጥያቄ አለኝ። ሞተር ሳይክሌ ካርቡራተር ነው፣ እንዳልከው ጄቱን አስቀንሼ እጅግ ተመችታኛለች። ግን ከጓደኞቼ ጋር በደጀን አድርገን ወደ አዲስ አበባ ልንወርድ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ችግር አያመጣም?

የበዛዊት ዳገት፦

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ደግ አደረግክ። አዎ፣ ያመጣል። ደጀን ከባህር ዳር ይበልጥ ከፍ ያለ ነው፣ እዚያ ድረስ ችግር የለብህም። ከዚያ ግን መንገዱ ወደ 1000 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም አለ፣ ድልድዩን ተሻግረህ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ረጅም ዳገት በሙሉ ጋዝ ነው የምትወጣው። ቤንዚን ያነሳት ሞተር የምትጎዳው በዚያ ዓይነት ዳገት ነው። አሮጌዋን ጄት አልጣልካትም አይደል? ደጀን ላይ እሷን መልሳት። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ትጨስ ይሆናል፣ አይጎዳትም። ስትመለስ እንደገና ትቀይራለህ።

ጄቷን ስትፈታ ልኳ የሆነ ካቻቢቴ ያዝ፤ ናስ ናት፣ ጥርሷ ቶሎ ይበላል። ስታስርም አትጨክንባት፣ ደርሳ ቆም ስትል ጥቂት ብቻ ጠበቅ አድርጋት። የሳህኑን ጎማም ተጠባባቂ ይዘህ ሂድ፤ ካረጀ አንዴ ከተነሳ አልገጥምም ብሎ ቤንዚን ያንጠባጥባል።

ሌላው፣ ምጣድ ሠሪዋ እህታችን፣ የእናቴን ምጣድ ይዤ ልመጣ ነው። ዱቄቱን ስትበትኚ ማየት እፈልጋለሁ።